በየካቲት የመጣ ተርብ

ቡሩል ስትናደድ አትጮኽም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ንግግሯ ያጥራል፣ ከንፈሯ ይነጣል። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ይህን ለይቼ አውቃለሁ። እኔ በካራኮል ከተማ፣ በሲኒማ ቤታችን መግቢያ ላይ ፈንዲሻና ሻይ እሸጣለሁ፤ እሷ ከአጠገቤ ባለችው የመስታወት መስኮት ትኬት ትቆርጣለች። የሚለየን አንድ ስስ ጣውላ ነው። ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ ሳላያት።

ያንን ፊልም ባመጡበት ሳምንት ፖስተሩን በሩ ላይ የሰቀለችው ራሷ ናት። ወንበር ላይ ቆማ፣ ምስማር በጥርሷ ይዛ። ፖስተሩ ላይ የሙሽራ ልብስ የለበሰች ልጅ በፈረስ ትሸሻለች፣ ሙሽራው ከኋላዋ ይሮጣል፣ ከሁለቱ በላይ ደግሞ ዓይኑ የፈጠጠ ትልቅ ተርብ ይበራል። «የተርቡ ጥፋት» ይላል።

«የአክስቴ ልጅ ነው የሠራው» አለችኝ ከወንበሩ ሳትወርድ። «ቤክቱር። ዋና ከተማ ቢሽኬክ ሄዶ ፊልም የተማረው። ስምንት ዓመት ሙሉ እናቱ 'ይሄ ልጅ ምን ሊሆን ነው' ስትል ነበር፣ አሁን ትይ!»

ለመጣው ሁሉ ተናገረች። «የእኛ ልጅ ነው» እያለች ከሰው ሁሉ በፊት ደስ ያላት እሷ ነበረች። ይህን ሳስታውስ እኔም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ቁጣዋ አይገባችሁም።

የዛሬ ሰባት ዓመት ቡሩል ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ታላይ የሚባል የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ለትዳር ጠየቃት። መልከ መልካም፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ አሮጊት ሲያይ ከመኪናው ወርዶ እቃ የሚሸከም ሰው። እናቱ መጥታ እንደ ወጉ፣ ለመታጨቷ ምልክት፣ በቡሩል ጆሮ ላይ ጉትቻ አደረገችላት፣ በግ ታረደ፣ ቀን ተቆረጠ። ሠርጉ የየካቲት መጨረሻ ላይ ነበር።

አሥር ቀን ሲቀረው ምግቡን ለመምረጥ ወደ ሠርግ አዳራሹ ሄዱ። ታላይ፣ ቡሩል፣ የታላይ ታላቅ እህት ዙራ፣ ከእነሱ ጋር የአዳራሹ ምግብ አብሳይ። ውጭው በረዶ ነው፤ መስኮቱ ከውስጥ ላብ አውጥቷል። በእኛ ሠርግ ፈረስ ይታረዳልና፣ ሾርባ እየቀመሱ ሳለ ዙራ «ከሁለት መቶ ሰው በላይ ከጠራን የአንድ ፈረስ ሥጋ አይበቃም» አለች። ይኼው ነው ያለችው። ታላይ እጁን ዘርግቶ በጥፊ አጮላት። ማንኪያዋ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሱ ወደ አብሳዩ ዞሮ «ሰላጣው ላይ ጨው ቀንሱ» አለ፣ ድምፁ እንኳን ሳይለወጥ።

ቡሩልን ያስፈራት ጥፊው አይደለም። እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ፦ «ዙራ ጎንበስ ብላ ማንኪያውን አነሳች። በጠረጴዛው ልብስ ጠረገችው። ከዚያ እኔን አየችና 'ሾርባሽ ይቀዘቅዛል' አለችኝ። እትዬ ሳይራ፣ እንደዚህ ቶሎ ማንኪያ የሚያነሳ ሰው ያን ቀን የጀመረው አይደለም።»

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት።

«ሠርግ ሲደርስ ያልፈራች ልጅ አላየሁም» አለች እናቷ። «እኔም ፈርቼ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

«እማ፣ እህቱን መታ።»

«እህቱን ነዋ! አንቺን መታሽ?»

በማግስቱ ቡሩል ጉትቻዎቹን ከጆሮዋ አወለቀች፣ በመሐረብ ቋጠረች፣ በረዶውን እየረገጠች ብቻዋን ታላይ ቤት ሄደች፣ እናቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ የሚደረግ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፣ አጎት ይላካል፣ ሰበብ ይፈለጋል። ልጅቷ በእግሯ ሄዳ «አልፈልግም» አትልም። የታላይ እናት «ምን በደልንሽ?» ስትላት ቡሩል በሩ ላይ የቆመችውን ዙራን አየቻት። ዙራ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አትናገሪ ለማለት ነው። ቡሩልም «ምንም» ብላ ወጣች።

ለዚያች አንዲት «ምንም» የከፈለችውን እኔ አውቃለሁ። መድኃኒት ቤቱ የታላይ አጎት ንብረት ስለነበር በሳምንቱ ከሥራ ወጣች። ከተማው «ሌላ ሰው አላት» አለ፣ «ጤናዋ የተነካ ነው» አለ፣ «ቁንጥጫ የሚያስፈልጋት ቅብጥብጥ» አለ። አባቷ የድንጋይ ከሰል በመኪና የሚያመላልስ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገራትም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ጨው አጠገቧ ሆኖ፣ ለሚስቱ «ልጅሽን ጨው አቀብዪው በያት» ይላል። እናቷም ዞራ «ጨው አቀብዪው» ትላታለች፤ የልጅቷ ጆሮ የማይሰማ ይመስል።

ያኔ ከእናቷ በቀር እውነቱን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ባለው አያታቸው ቤት የአፕሪኮት ፍሬ ሲለቅሙ ለቤክቱር ነገረችው። ሾርባውን፣ ማንኪያውን፣ ጨውን፣ ሁሉን። ቤክቱር ባልዲውን አስቀምጦ አለቀሰ። «አንቺ ጀግና ነሽ» አላት። «የኔ ጀግና አንቺ ነሽ።»

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ።

ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ዕይታ። ቡሩል መስኮቷን ዘግታ «ነይ እትዬ፣ ከኋላ ቆመን እንይ» አለችኝ። ፈንዲሻዬን ሸፍኜ ተከተልኳት።

ፊልሙ ውስጥ ጉልናዝ የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አለች። ልታገባ ነው። ሁሉም ነገር ያስደነግጣታል፤ ሳሙናው፣ የአማቷ ድመት፣ የሙሽራው ጫማ ቁጥር። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወደ ሠርግ አዳራሽ ሄዱ። ሾርባ መጣ። የሙሽራው እህት አፏን ከፍታ «ከሁለት መቶ ሰው በላይ ከጠራን የአንድ ፈረስ ሥጋ አይበቃም» አለች።

ቡሩል ክንዴን ያዘችኝ።

ጥፊ። ማንኪያው ወደቀ፣ እንደ ደወል ጮኸ። እህትየዋ ማንኪያውን አነሳች፣ ጠረገች፣ «ሾርባሽ ይቀዘቅዛል» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ተዋናይዋ ዓይኗን እያገላበጠች ነበር የተናገረችው።

ሌላውም ሁሉ አለ። ጉልናዝ ጉትቻዋን አውልቃ ስትመልስ ጉትቻው አማቷ ሾርባ ውስጥ ይወድቃል። አባቷ በእናቷ በኩል ጨው ይጠይቃል፤ ጨው እየዞረ እየዞረ ጎረቤት ድረስ ደርሶ ይመለሳል። እዚያ ላይ ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ በሳቅ ሊታፈን ደርሶ ጀርባውን መቱት። መጨረሻ ላይ የልጅቷ አያት የአዳራሹን ካሜራ ቅጂ ያገኛሉ። ምን ይታያል? የእህትየዋ ጉንጭ ላይ ተርብ አርፏል። ሙሽራው ለካ ተርቡን ነው የመታው! ጉልናዝ አልቅሳ፣ በፈረስ ጋልባ፣ በሠርግ ልብሷ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም አነሳት። ተጋቡ። ሰው አጨበጨበ።

ቡሩል አልተንቀሳቀሰችም። መብራቱ ሊበራ ሲል የምስጋናው ጽሑፍ መጣ፤ ከሁሉ በላይ በትልቁ የሠርግ አዳራሹ ባለቤት ተመስግኗል። ታላይ። መለዋወጫውን ትቶ ያንኑ የሾርባውን አዳራሽ ከገዛ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፊልሙ ላይ የታዩትን ወንበሮች አላወቅኋቸውም ነበር፤ እሷ ግን አውቃቸዋለች።

ወጣንና ለቤክቱር ስልክ ደወለች፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ቆማ። እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች።

«ቡሩልዬ! አየሽው? ሳቁ?»

«ሾርባው የማን ነው?»

«ምን?»

«ሾርባው፣ ማንኪያው፣ የአባቴ ጨው። የማን ነው ቤክቱር?»

 «ስምሽን አልጠራሁም እኮ» አላት። «ማንም ደራሲ ከሕይወት ይወስዳል። ደግሞ ልጅቷ በጣም ተወዳጅ ናት፣ ሰዉ ወዷታል።»

«ተርቡስ?»

«እሱማ… ኮሜዲ ነዋ ቡሩል። የሆነ ነገር መሆን አለበት። ሙሽራው በእውነት ከመታት እንዴት ይጋባሉ?»

«አይጋቡማ!»

«እንግዲያ ፊልም የለም ማለት ነው። ታላይ አዳራሹን ለአንድ ወር በነፃ ሰጠን፣ ሰዉን አበላ፣ ፈረሱን እንኳን እሱ ነው ያመጣው። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ሙሽራው ክፉ ሰው እንዳይሆን። ይኼ ትልቅ ነገር ነው? ሰው ይለወጣል እኮ። አንቺም ብታገኚው…»

ስልኩን ዘጋችው። ከንፈሯ ፈንዲሻዬን መስሏል።

ከተማችን ትንሽ ናት። ጉትቻ በእግሯ የመለሰች አንዲት ልጅ ብቻ እንዳለች ሁሉም ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ጎረምሶች መስኮቷ ጋ መጥተው «ሁለት ትኬት፣ ተርብ የሌለበት ወንበር ይሁንልን» ይሏታል። ገበያ ስትገባ አሽሊያንፉ የሚባለውን ቀዝቃዛ ሾርባ የምትሸጠዋ ሴትዮ «ዝዝዝዝ» ትላለች። ይኼ ይቻላል። የማይቻለው የደግ ሰዎቹ ነው። አሮጊቶች ፊልሙን አይተው ሲወጡ በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው እጇን ይዳብሳሉ፦ «አይ ልጄ፣ ያኔ ብታውቂ ኖሮ። እንዲህ ያለ ባል አመለጠሽ። ወጣትነት ነው።»

ቡሩል «ስንት ሰው ናችሁ?» ብቻ ትላቸዋለች።

እናቷ ቅዳሜ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተርብ ከነበረ ለምን አልነገርሽንም?»

«እማ፣ ፊልም ነው።»

«ቤክቱር ግን ሁሉን ካንቺ ሰምቶ ነው የሠራው አሉ።»

«የሰማውንማ ሰምቷል። ተርቡን የጨመረው ራሱ ነው።»

«እሱ ምን አግኝቶ ይዋሻል?» አለች እናቷ። ይህን ብላ ወጣች። እኔ ሻይ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ሰባት ዓመት ከልጇ አፍ የሰማችውን አላመነችም፤ ከግድግዳ ላይ ያየችውን ግን አመነች።

ማርች ስምንት ደረሰ። የሴቶች ቀን ስለሆነ የስምንት ሰዓቱ ዕይታ ለሴቶች በግማሽ ዋጋ ነው፤ ቤክቱርና ተዋንያኑም ከቢሽኬክ መጡ። በሩ ላይ ለምትገባው ሴት ሁሉ ቢጫ ሚሞዛ አበባ ይሰጣሉ። አዳራሹ ሞልቶ በመተላለፊያው ቆመዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታላይ ተቀምጧል፤ ውፍረት ጀምሮታል እንጂ አሁንም መልከ መልካም ነው። በግራው ሚስቱ አይጋኒሽ፣ በቀኙ እህቱ ዙራ።

ፊልሙ አለቀ፣ ቤክቱር ድምፅ ማጉያ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። «ጥያቄ ያለው?» ሲል አንዷ የተዋናዩን ዕድሜ ጠየቀች፤ ሌላዋ ፈረሱ ስንት እንደተገዛ። ከዚያ ከኋላ፣ ከጎኔ፣ ቡሩል «እኔ አለኝ» አለች። ድምፅ ማጉያ አላመጡላትም። እየተራመደች እስከ መድረኩ ድረስ ሄደች።

«ልጅቷ እኔ ነኝ» አለች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ እንናገረው። ያ የሆነው በየካቲት ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። በየካቲት ተርብ ከየት ይመጣል?»

 ቤክቱር ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«በረዶውን ተደብቆ የከረመ ይሆናላ!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ጥቂቶች ሳቁ።

«ተርብ አልነበረም» አለች ቡሩል። «እህቱን ነው የመታት። ሥጋ አይበቃም ስላለች። እዚያ ተቀምጣለች፣ ጠይቋት።»

የሰው አንገት ሁሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። ታላይ አልተነሳም፣ አልተቆጣም። እግሩን አነባብሮ እንደተቀመጠ፣ ወደ ጎን ሳያይ፣ «ዙራ፣ ንገሪያቸው» አለ።

ዙራ ተነሳች። አበባው በእጇ ነው። ቡሩልን አየቻት፤ እኔ አይቻለሁ፣ አየቻት።

«ተርብ ነበር» አለችና ተቀመጠች።

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሴቶቹ ተነስተው ነው ያጨበጨቡት፤ በቀናቸው። ቡሩል ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ለአሥር ሰዓቱ የተሰለፈ ሰው ስለነበር ተመልሳ መስኮቷን ከፈተችና ትኬት መቁረጥ ጀመረች።

ኃላፊያችን መጣና «የቤተሰብ ጉዳይሽን ሲኒማ ቤቴ ውስጥ አታምጪ፤ ሌላ ጊዜ ከሆነ እንለያያለን» አላት። «እሺ» አለችው። ቀጥሎ ቤክቱር አንድ እቅፍ ሚሞዛ ይዞ መጣ።

«ቡሩልዬ፣ ለምን ራስሽን ታዋርጃለሽ? እኔ ካንቺ ጎን ነኝ።»

አበባውን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባላት። የመስታወቱን መዝጊያ ወደታች ለቀቀችው። ግማሹ አበባ ውስጥ ግማሹ ውጭ ቀረ። እሱ ትንሽ ጎትቶ ተወውና ሄደ። የወደቀውን ቢጫ ፍርፋሪ እኔ ነኝ የጠረግሁት፤ እየጠረግሁ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰድቤዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መግቢያው ባዶ ነበር። ዙራ ገባች። ወደ ቡሩል መስኮት ሄዳ ገንዘብ አስቀመጠች፤ ቡሩል አላነሳችውም።

«ፊልም ላይ አይደለም የመጣሁት» አለች ዙራ። «ይቅርታም ልጠይቅሽ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«እንዳትጠይኝ።»

«ሰባት ዓመት አፌን የዘጋሁት ላንቺ ብዬ ነው» አለች ቡሩል፣ በዚያ በሚያንሰው ድምፅዋ። «ከበሩ ላይ ሆነሽ ራስሽን ነቅንቀሽ ምልክት ስለሰጠሽኝ። ሥራዬን አጣሁ፣ አባቴን አጣሁ፣ ቅብጥብጥ ተባልኩ። አንቺ አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅብሽ።»

«ቃሉን ከተናገርኩ በኋላ ማታ የምገባው የት ነው? እናንተ ቤት ነው? እናትሽ ፍራሽ ታነጥፍልኛለች?»

 ቡሩል «አሁንም ይመታሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔን?» አለች ዙራ። ጥያቄው እንደገረማት ነው ያየቻት። «ኧረ እኔንስ ተወኝ። አሁን ሚስት አለው።»

ያመው የነበረ ጥርስ እንደተሻለው ሰው ነው የተናገረችው። ገንዘቧን መልሳ አነሳች፣ ሻርቧን አስተካከለች፣ ወጣች።

 ያን ቀን ማታ ልንዘጋ ስንል ቡሩል «እትዬ ሳይራ» አለችኝ፣ «ሰባት ዓመት ስናደድ ስለ ራሴ ብቻ ነው የተናደድኩት። በሁለት ወሩ ሌላ ማግባቱን ሰምቼ 'ተገላገልኩ' ነው ያልኩት። ያቺ ልጅ ማን ናት ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። እኔ ስወጣ በሩን ክፍት ትቼላት ነው የወጣሁት።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አልኳት። «የመታው እሱ፣ የዋሸው እሱ፣ የሸጠሽ ያ ዕንባ አፍሳሽ። ያንቺን ድርሻ ከየት አመጣሽው?»

አልሰማችኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ሚስቱ ዘንድ ልሄድ ነው» ስትለኝ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ብቻዋን እንድትሄድ ልተዋት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄ ነበር።

ትልቅ ሰማያዊ የብረት በር ነው። አንኳኳን። አይጋኒሽ ሕፃን አቅፋ ከፈተች። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ቡሩልን እንዳየች ፊቷ ጠቆረ። እንግዳን በር ላይ ባዶ አፉን መመለስ ነውር ስለሆነ ገብታ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ግን ግቡ አላለችም። በሩን በትከሻዋ እንደገፋች ዳቦውን ዘረጋችልን። ቆርሰን ቀመስን።

«እሱን ፈልገሽ ከሆነ ዘግይተሻል» አለቻት።

«እሱን አልፈልግም።»

«ፊልሙ ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ተንበርክካ።»

«ፊልሙ ውሸት ነው። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተርብ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፣ አጨብጭቤያለሁ» አለች አይጋኒሽ። ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስንት ቀን ሲቀረው ነው የተውሽው?» አለች።

«አሥር።»

«አሥር ቀን» አለች፤ ቃሉን በአፏ ውስጥ እንደምትቀምሰው። «እኔ ጉትቻ ካደረጉልኝ በአምስተኛው ቀን ነው የተዳርኩት። ምኑን አይቼ ልጠራጠር? ለመጠራጠርም ጊዜ ያስፈልጋል።»

ቡሩል ከኪሷ ትኬት አውጥታ በጀርባው ላይ የስልክ ቁጥሯን ጻፈች። አይጋኒሽ ልትቀበለው አልፈቀደችም። «እሱ ኪሴን ያያል» አለች። ቡሩል ትኬቱን ሁለት ጊዜ አጥፋ ከቀረው ዳቦ ሥር፣ በመዳፏና በዳቦው መካከል፣ አስገባችላት። በሩ ተዘጋ። የእግሯን ኮቴ ጠበቅን፤ ወዲያው አልሄደችም። ሕፃኑ ሲነጫነጭ፣ እሷ እሽሩሩ ስትለው፣ ከበሩ ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

ፊልሙ አምስት ሳምንት ታየ። በዓመቱ ብዙ ሰው ያየው እሱን ነው። ቡሩል ለእያንዳንዱ ዕይታ ትኬት ቆርጣለች፤ ኃላፊው «ሌላ ሰው የለኝም» ብሎ አልለቀቃትም። ሳቁ በግድግዳው በኩል መቼ እንደሚመጣ በቃሏ ይዛው ነበር፤ ሊደርስ ሲል ወደ ውጭ ወጥታ በረዶው ላይ ቆማ ትመለሳለች።

ቤተሰቧ ቤት ስላለው ነገር ብዙ አታወራም። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ። ሚያዝያ ላይ የታላይ አዳራሽ እንደ ወትሮው ከሰል አዘዘ። የቡሩል አባት መኪናውን አስነስቶ ከተቀመጠ በኋላ መልሶ አጠፋው። «እዚያ አልጭንም» አለ። ለምን ሲሉት ዝም። ሌላ ሾፌር ላኩ። ሰውዬው እስከ ዛሬ እዚያ አዳራሽ ከሰል አላደረሰም፤ ለልጁም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለላትም። እሷም የሰማችው ከእኔ ነው። ስነግራት ራሷን ወደ ትኬቶቹ ደፍታ ረጅም ጊዜ ቆጠረች፣ የሚቆጠር ነገር ሳይኖር።

አይጋኒሽ እስካሁን አልደወለችም። ቡሩል ስልኳን መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ሰልፈኛውን እንደተንጫጫ ጥላው ተነስታ በእኔ በኩል ወዳለው ጥግ ትሮጣለች። ከአምስቱ ጊዜ አራቱ ቤክቱር ነው፤ የራሱን ቁጥር ስለዘጋችበት ከሰው ስልክ ይደውላል። ባለፈው ሳምንት የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ጣውላው ስስ ነው ብያችኋለሁ፣ የእሱም ድምፅ ከስልኩ ይጮኻል።

«ቡሩልዬ፣ አትዝጊው፣ አንዴ ስሚኝ! ክፍል ሁለት እንድንሠራ ገንዘብ ተገኝቷል። ጉልናዝ ከወለደች በኋላ። አንቺ ብታማክሪኝ…»

«ቤክቱር» አለችው፣ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ «ይኼን ስልክ የምጠብቅበት ሰው አለ። መስመሩን አትያዝብኝ። ደግመህ ብትደውል አንደበትህ ይዘጋ።»

ዘጋችው፣ ወደ መስኮቱ ተመለሰች፣ ፊት ለፊቷ የቆሙትን ጥንዶች አየቻቸውና «ስንት ሰው ናችሁ?» አለች።